ከጓሮ ወጥቶ ወደ ጓሮ የተመለሰው ወፍ፤ የተርኪ ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የበዓል ዋዜማ በሆነ ጊዜ ከመሥሪያ ቤታችሁ ወጥታችሁ ወደ ዶሮ ገበያ ጎራ ማለታችሁ አይቀርም። ነጋዴው አውራ ዶሮውን ሲያቀርብላችሁ እግሩን ይዛችሁ ታነሡታላችሁ፤ በእጃችሁም ትመዝኑታላችሁ። በጣታችሁ ደረቱን ዳስሳችሁ አጥንቱ ሾሎ ያገኛችሁት እንደሆነ ትመልሱታላችሁ፤ ሥጋ የሞላው እንደሆነ ግን ዋጋውን ትጠይቃላችሁ። ይህን ስታደርጉ የምታስቡት ስለ አንድ ቀን ገበታ ነው እንጂ ስለ ዶሮው ዘር አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው ደረት የሚዳስስ የገዢ እጅ በብዙ አገርና በብዙ ትውልድ ሲደጋገም የአንድን ፍጡር አካል እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ ይህ በእውነት የደረሰበትን የአንድ ወፍ ታሪክ ነው። ወፉም ተርኪ የሚባለው ታላቁ የጓሮ ወፍ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ተርኪ የዶሮ፣ የቆቅና የጅግራ ዘመድ ሲሆን የትውልድ አገሩ የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ነው። በዓለም ላይ ያሉት ዓይነቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ከካናዳ ደቡባዊ ጫፍ አንሥቶ እስከ ሜክሲኮ ድረስ በዱር ይኖራል። ሁለተኛው የጣዎስ ላባን የሚመስል ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን የሚገኘው በሜክሲኮ የዩካታን ምድር፣ በሰሜን ጓቲማላና በቤሊዝ ብቻ ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የሚረባው ለማዳ ተርኪ የመጣው ከመጀመሪያው ዓይነት ነው። አውራው ሲቆጣ ወይም ለሴቲቱ ሲኩራራ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ ያጓራል። ራሱና አንገቱ ላባ ስለሌለው የቆዳው ቀለም እንደ ስሜቱ ከቀይ ወደ ነጭ፣ ከነጭም ወደ ሰማያዊ ሲለዋወጥ በግልጽ ይታያል። ከመንቆሩ በላይ አንድ ሥጋ ይንጠለጠላል፤ ከደረቱም ላይ የፈረስ ጭራ የመሰለ ጥቁር ዘለላ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ጌጥ ለብሶ ሲንጎራደድ ያየው ሰው፣ በግቢው ውስጥ አንድ የቀድሞ ባላባት የቆመ ሊመስለው ይችላል።

የሰው ልጅ ይህን ወፍ ለማዳ ያደረገው ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊት ነው። በሰሜን ጓቲማላ በሚገኘው ኤል ሚራዶር በተባለው ጥንታዊ የማያ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ እስከ ልደት በኋላ 100 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተጣሉ የተርኪ አጥንቶች ተገኝተዋል። ሊቃውንት አጥንቶቹን በመረመሩ ጊዜ አንድ አስደናቂ ነገር ተገለጠላቸው፤ ይኸውም ወፎቹ የዚያ አገር ባለ ነጠብጣብ ተርኪዎች ሳይሆኑ፣ በዱር የሚኖሩበት ቦታ ከዚያ እጅግ የራቀው የሜክሲኮ ተርኪዎች መሆናቸው ነው። ይህ ወፍ ያን ያህል መንገድ በራሱ ክንፍ በርሮ አይሄድም። ስለዚህ በሰው እጅ ተይዞ፣ በንግድ መንገድ ተጉዞ የሄደ መሆን አለበት።

ሌላው ምስክር የተገኘው ኦሐካ በምትባለው የሜክሲኮ ክፍለ ሀገር ነው። ሚትላ በተባለው ስፍራ በአንድ ጥንታዊ መኖሪያ ቤት ወለል ሥር፣ ለመሥዋዕት የተቀበሩ ያልተሰበሩ የተርኪ እንቁላሎችና ገና የተፈለፈሉ ጫጩቶች አጥንት ተገኝቷል። ዕድሜያቸው 1,500 ዓመት ያህል ነው። ሰው ከዱር ወፍ ጎጆ ጥቂት እንቁላል ሊለቅም ይችላል። ነገር ግን እንቁላሉ፣ ጫጩቱና ትልቁ ወፍ በአንድ መኖሪያ ስፍራ በአንድነት ሲገኙ፣ እዚያ ቤት እርባታ ነበረ ማለት ነው። የንጉሥን ድል ከሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ ይልቅ፣ አንዲት እመቤት ከቤቷ ወለል ሥር የቀበረችው እንቁላል ስለ ሕዝብ ኑሮ የበለጠ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ።

ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታተ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በሆነው ደረቅ አገር ይኖሩ የነበሩት የፑዌብሎ ሕዝብ አባቶችም ተርኪ ያረቡ ነበር። በዘር ምርመራ እንደ ታወቀው የእነርሱ ተርኪ ከሜክሲኮው የተለየ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ ምድር ይህ ወፍ በሁለት ሥፍራ፣ በሁለት ሕዝብ እጅ ለየብቻው ለምዷል ተብሎ ይታመናል። እነዚህ ሰዎች ተርኪውን ለብዙ ዘመን ያኖሩት በይበልጥ ለላባው ነበር። አገሩ በክረምት በረዶ የሚወርድበት ስለሆነ፣ ከዩካ ተክል ጭረት በፈተሉት ገመድ ላይ ላባውን እየጠመጠሙ ብርድ ልብስ ይሠሩ ነበር። በዩታ ክፍለ ግዛት ቤተ መዘክር የሚገኝና ዕድሜው 800 ዓመት ያህል የሆነ አንድ ብርድ ልብስ በምሁራን ተመርምሮ፣ ከ11,000 በላይ ላባ የገባበት መሆኑ ታውቋል። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ላባ በሚፈለግበት ቤት ወፉን ማረድ ኪሣራ ነው። ወፉ በየዓመቱ ላባውን ሲጥል አዲሱ ይበቅላልና፣ አንዱ ወፍ ዕድሜውን ሙሉ ያለብሳል። በኋላ ግን የሕዝቡ ቁጥር ሲበዛና የዱር አራዊት ሲያልቅ፣ ተርኪው ከልብስነት ወደ ገበታ ተሸጋገረ። ሰው ከእንስሳ የሚሻው ነገር በተለወጠ ቍጥር የእንስሳውም ዕጣ አብሮ ይለወጣል።

የእስጳንያው ኤርናን ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ ሲደርስ፣ አስቴኮች ተርኪን በየጓሮአቸው እያረቡ በታላላቅ ገበያዎቻቸው ይሸጡት ነበር። በቋንቋቸውም አውራውን ዌሾሎትል ይሉት ነበር። ዛሬ የሜክሲኮ ሰዎች ጓሆሎቴ የሚሉት ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን በሜክሲኮ የኖረው መነኩሴ ቤርናርዲኖ ደ ሳሃጉን ስለ አስቴኮች ኑሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ወፍ ጠባይና አካል መዝግቧል። እስጳንያውያን ወፉን በመርከብ ጭነው ወደ አገራቸው ወሰዱት፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር በአውሮጳ ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ተዳረሰ። ድንችና ቲማቲም የአውሮጳን ገበሬ ልብ እስኪያገኙ ድረስ ረጅም ዘመን ፈጅቶባቸዋል፤ ተርኪ ግን በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የነገሥታት ምግብ ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአውሮጳ መኳንንት ጣዎስንና ዳክዬን በገበታቸው ላይ ማየት የለመዱ ስለነበሩ፣ አዲሱ ወፍ ለዓይናቸው እንግዳ አልሆነም፤ ሥጋውም ከጣዎስ ሥጋ የሚሻል ሆኖ አገኙት።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለዚህ ወፍ ግን ስም ያወጣለት መልአክ ሳይሆን ያልተጠነቀቀ ነጋዴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን አውሮጳውያን ከአፍሪካ የሚመጣውን ጅግራ ያውቁ ነበር። ይህም በእኛ አገር ቆላና ስምጥ ሸለቆ በመንጋ ሲሮጥ የምናየው፣ ራሱ ላይ ቀንድ መሰል አጥንት ያለው ጅግራ ነው። ጅግራው በቱርክ ግዛት በኩል በሚነግዱ ሰዎች እጅ ይገባ ስለነበር እንግሊዞች የቱርክ ዶሮ ይሉት ነበር። ከአሜሪካ የመጣውም ወፍ ጅግራን ስለመሰላቸው በዚያው ስም ጠሩት። ኋላ ሁለቱ ወፎች ሲለያዩ አፍሪካዊው ጅግራ ጊኒ የሚል ስም ተሰጠው፤ አሜሪካዊው ግን የቱርክን ስም እንደ ያዘ ቀረ። እኛም በአማርኛ ስንናገር ከእንግሊዝኛው ወስደን ተርኪ እንላለን።

ቱርኮች ራሳቸው ደግሞ ይህ ወፍ የእኛ አይደለም ሲሉ ሂንዲ፣ ማለትም የህንድ ብለው ጠሩት። ፈረንሳዮችም የህንድ ዶሮ ከማለት ዳንድ የሚለውን ስም አወጡ። ሆላንዶች በህንድ አገር ካለችው ከካሊኩት ወደብ ጋር አያያዙት። ፖርቱጋሎች ፔሩ አሉት፤ የግብፅ ሰዎች ዲክ ሩሚ፣ የሮም አውራ ዶሮ አሉት። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዘወትር በየገበያው የሚሰሙት የዕብራይስጥ ስሙ ተርነጎል ሆዱ ሲሆን ይህም የህንድ አውራ ዶሮ ማለት ነው። ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንኳ በ1758 የላቲን ስም ሲያወጣለት የመጀመሪያውን ቃል የወሰደው ከግሪኮች የጅግራ ስም ነው። ስለዚህ ይህ ወፍ ከሄደበት አገር ሁሉ የሌላ አገር ሰው ተብሎ ይኖራል፤ እውነተኛ አገሩን ሜክሲኮን ግን የሚጠራለት ጠፋ።

ወፉ ህንድ የደረሰው ከአሜሪካ ከወጣ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ የመጣ አልነበረም። የሞጎል ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በ1612 ሙቀረብ ኻን የተባለውን ሹሙን ፖርቱጋሎች ወደ ሰፈሩበት ወደ ጎዋ ወደብ ልኮ ብርቅ ነገር ሁሉ እንዲገዛለት አዝዞ ነበር። ከመጡለትም ነገሮች መካከል ተርኪ ነበረ። ንጉሡ በገዛ እጁ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የወፉ ራስና አንገት እንደ እስስት ቀለም ሲለዋውጥ አይቶ እንደ ተደነቀ ይነግረናል፤ የተነገረው ብቻ እንዳይበቃ ብሎም ሠዓሊዎቹ እንዲሥሉት አዘዘ። ኡስታዝ መንሱር የተባለው ዝነኛ ሠዓሊ የሣለው የተርኪ ሥዕል ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያው ቤተ መዘክር የዚሁ ሠዓሊ ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም በ1621 የተሣለ የሜዳ አህያ ነው። በሥዕሉ ላይ ንጉሡ በእጁ እንደ ጻፈው የሜዳ አህያው የመጣው ከሐበሻ አገር ነበር። የሜክሲኮ ጓሮ ወፍና የኢትዮጵያ ሜዳ እንስሳ በአንድ ህንዳዊ ሠዓሊ ብሩሽ ተገናኝተው ዛሬ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው ያን ዘመን ዓለም እንዴት እየተቀራረበ እንደ ነበር ያሳያል።

ወደ እንግሊዝ አገር እንመለስ። ዊልያም ስትሪክላንድ የተባለ የዮርክሻየር መኰንን ተርኪን ወደ አገሩ ያስገባሁ እኔ ነኝ ይል እንደ ነበር ይነገራል። በ1550 የቤተ ሰቡ አርማ ሲፈቀድለትም በላዩ ላይ አውራ ተርኪ እንዲሣልበት አደረገ። ከዚያ አስቀድሞ በ1541 ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር የካህናትን ድግስ ለመወሰን ባወጣው ደንብ ውስጥ ተርኪ ከታላላቅ ወፎች ጋር ተቈጥሮ በአንድ ገበታ ላይ ከአንድ በላይ እንዳይቀርብ ተከልክሏል። ደንብ የሚወጣው ነገር ሲበዛ ነውና፣ ከዚህ የምንረዳው ተርኪ በዚያ ዘመን ገና ብርቅ ቢሆንም በካህናት ገበታ ላይ መብዛት መጀመሩን ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ወፉ የገበሬ ሀብት ሆነ። ኖርፎክና ሰፎክ በተባሉት የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃዎች ገበሬዎች ተርኪ በብዛት አርብተው በእግር እየነዱ ወደ ሎንዶን ይወስዱ ነበር። የሮቢንሰን ክሩሶ ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በአንድ ወራት ውስጥ በስቱር ወንዝ ላይ ባለው በአንድ ድልድይ ብቻ 300 መንጋ እንደሚያልፍና ከየመንጋውም ውስጥ ከ300 እስከ 1,000 ወፍ እንደሚገኝ ጽፎ፣ ድምሩን 150,000 አድርሶታል። ጉዞው በነሐሴ ወር ተጀምሮ እስከ ጥቅምት ይቆያል፤ ወፎቹም አዝመራው በታጨደበት ማሳ ላይ የወደቀውን እህል እየለቀሙ ይጓዛሉ። እግራቸው በጠጠር እንዳይቈስል ቅጥራን ይቀባ ነበር። እነዚህ ወፎች ሳምንታት ሙሉ በእግራቸው መሄድ የሚችሉ እንደ ነበሩ ልብ በሉ፤ በኋላ እመለስበታለሁና።

እንግሊዞች ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሰደዱ ለማዳውን ተርኪ ይዘው ሄዱ። ስለዚህ ወፉ ከአሜሪካ ወጥቶ፣ አውሮጳን ዞሮ፣ በሌላ ሰው መርከብ ተመልሶ አገሩ ገባ። በዚያም በጫካ ከሚኖሩት ዘመዶቹ ጋር ተዳቀለ፤ ከዚህም መዳቀል ላባው የነሐስ ቀለም ያለው፣ ጠንካራና ትልቅ የሆነው ብሮንዝ የተባለው ዘር ተገኘ። የአሜሪካ ዶሮ አርቢዎች ማኅበር በ1874 ባወጣው የዘር መለኪያ መጽሐፍ ውስጥ ብሮንዝ፣ ናራጋንሴት፣ ነጩ ሆላንድ፣ ጥቁሩና ስሌት የተባሉት ዘሮች ተመዝግበው ይገኛሉ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1784 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ከንስር ይልቅ ተርኪ የተከበረና እውነተኛ የአሜሪካ ተወላጅ ነው ማለቱ የታወቀ ነው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 የምስጋና ቀን በመላው አገር እንዲከበር ካወጁ ወዲህ ደግሞ ተርኪ የዚያ በዓል ምልክት ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዚያ ቀን ተርኪውን በርበሬና ቅቤ ቀብተው በገበታቸው ያቀርባሉ።

የበዓሉ ምግብ እየተፈለገ በሄደ ጊዜ ግን ሁለት መከራዎች ተከታትለው መጡ። አንደኛው በሽታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የተርኪ መንጋዎች ያለ ምክንያት ያልቁ ጀመር። በ1895 ቴዎባልድ ስሚዝ የተባለው ታላቅ ሊቅ የሞቱትን ወፎች ከፍቶ በአንጀታቸውና በጉበታቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሕዋስ አገኘ። በኋላም በ1920 እርሱና ባልደረባው ይህ ተባይ የሚተላለፈው በአንድ ትንሽ የአንጀት ትል እንቁላል መሆኑን አስረዱ። ትሉ የሚኖረው በዶሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ ዶሮዋ እምብዛም ሳትታመም ትሉን በኵሷ ታወጣለች፤ እንቁላሉም በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ተርኪው ያንን አፈር ሲጭር ታሞ ይሞታል። ብዙ ገበሬ ሁለቱን በአንድ ግቢ አብሮ ሲያኖር ኖሮ፣ በተርኪው ላይ ሞት ያመጣችበት ጤነኛ የምትመስለው ዶሮው መሆኗን አላወቀም ነበር። ዛሬም ቢሆን በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ያለው ጥበብ ሁለቱን ማለያየት ነው።

ሁለተኛው መከራ የመጣው ከሰው ምርጫ ነው። በ1920ዎቹ ጄሲ ትሮሰል የተባለ እንግሊዛዊ ደረተ ሰፋፊ የሆኑ ብሮንዝ ተርኪዎችን ይዞ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ወፎቹ በ1930ዎቹ ወደ አሜሪካ ሲገቡ የአርቢውን ሁሉ ዓይን ሳቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ደረቱ የሰፋው ለዘር ተመረጠ፤ ከልጆቹም ደረቱ ከአባቱ የበለጠ የሰፋው እንደገና ተመረጠ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የወፉ ደረት ከእግሩ አቅም በላይ ሆነ። አውራው ሴቲቱን መጥቃት ተሳነው። ስለዚህ ዘሩ እንዳይጠፋ ሰው የአውራውን ዘር በእጁ እየወሰደ በሴቲቱ ማኅፀን ውስጥ ማኖር ግድ ሆነበት። ኋላም በተላጨው ሥጋ ላይ የጥቁር ላባ ነቍጥ እንዳይቀር ሲባል ነጭ ላባ ያለው ተመረጠ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ተርኪ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይህ ነው። የሰው እጅ ለአንድ ትውልድ ቢታጠፍ ያ ነጭ ወፍ ከምድር ላይ ይጠፋል። በእግሩ ተጉዞ ሎንዶን ይገባ የነበረው የኖርፎክ ተርኪ የልጅ ልጅ ዛሬ ለመቆም እንኳ የሚቸገርበት ጊዜ አለ።

እውቀት በዚህ መንገድ ብቻ ሄደ ማለት ግን አይደለም። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ቤልትስቪል በተባለው የመንግሥት የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ከ1934 ጀምሮ ለአነስተኛ ቤተ ሰብና ለአነስተኛ ምድጃ የሚስማማ፣ ከሦስት ተኩል እስከ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ነጭ ተርኪ ተረብቶ በ1951 እንደ ዘር ታወቀ። በዚያው ጣቢያ በ1950ዎቹ ማርሎ ኦልሰን የተባለው ሊቅ አውራ ካላዩ ሴቶች ከተጣሉ እንቁላሎች ጥቂቶቹ ያለ አባት ጫጩት እንደሚሆኑ ተመለከተ፤ የተፈለፈሉትም ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ያች ትንሽ ዘር ግን ዕድሜዋ አጭር ሆነ። ትልቁን ወፍ ቆራርጦ መሸጥ ለነጋዴው ስለረከሰለት በሃያ ዓመት ውስጥ ከገበያ ወጣች።

የቀድሞዎቹ ዘሮችም እንደዚሁ ሊጠፉ ተቃረቡ። በ1997 የእንስሳት ዘር ጠባቂዎች በአሜሪካ ቈጠራ ባደረጉ ጊዜ፣ በራሳቸው የሚራቡት የጥንት ዘር ተርኪዎች ቍጥር 1,300 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህን ዘር ያቆዩት ትላልቅ ኩባንያዎች አልነበሩም፤ በየጓሮአቸው አምስትና ዐሥር ወፍ ይዘው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤት ይህ ወፍ ምን ያተርፍልሃል እያለ ሲጠይቃቸው፣ አባቴ ያረባው ነበር ከማለት በቀር የሚመልሱት አልነበራቸውም ይሆናል። ነገር ግን በእነርሱ እጅ በቀረው ዘር ሥራው ተጀምሮ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ቍጥሩ ከ10,000 በላይ ደረሰ።

የዱሩም ተርኪ እንዲሁ የሚያስተምር ታሪክ አለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጫካው ተመንጥሮ፣ አዳኝም በዝቶበት ከብዙ ክፍላተ ግዛት ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። መንግሥታቱ ዘሩን ለመመለስ በግቢ ውስጥ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን አሳድገው በሺሕ የሚቈጠሩትን በጫካ ለቀቁ፤ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ሆነ። እናት ያላሳደገችው ጫጩት ጭልፊት ሲመጣ መደበቅን፣ ሌሊት በዛፍ ላይ ማደርን አያውቅምና ወፎቹ አለቁ። ኋላ በ1950ዎቹ የዱሩን ተርኪ ራሱን በመድፍ በሚወረወር መረብ እየያዙ ወደ ጠፋበት አገር ማዛወር ጀመሩ። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ጫካውን የሚያውቀው ወፍ ጫካውን ሞላው። ዛሬ ቍጥሩ በሚሊዮን የሚቈጠር ሲሆን፣ ከአላስካ በቀር በክፍላተ ግዛቱ ሁሉ ይገኛል።

ከእናንተ መካከል ይህን ወፍ በግቢዬ ላርባ የሚል ቢኖር፣ ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን ትምህርት በአጭሩ ልንገረው። በመጀመሪያ ራሱ የሚራባውን ዘር ይምረጥ፤ ለአንድ አውራ ከስምንት እስከ ዐሥር ሴት ይበቃዋል። ሴቲቱ እንቁላሏን የምትታቀፈው 28 ቀን ነው፤ ይህም ከዶሮ በአንድ ሳምንት ይበልጣል። ጫጩቱ በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይሻል፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ይቀነስለታል። የተርኪ ጫጩት በምግብና በውኃ ፊት ቆሞ በረኃብ ሊሞት የሚችል የዋህ ፍጡር ነው። ስለዚህ አርቢው መንቆሩን ውኃ እያስነካ መጠጣትን ሊያስተምረው ይገባል፤ እናት ካለችው ግን ይህን እርሷ ታደርግለታለች። መኖው ከዶሮ ጫጩት መኖ ይልቅ ገንቢ ምግብ የበዛበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመቶ 28 እጅ ያህል ፕሮቲን ያለው ይሁን። ከዝናብና ከርጥበት ይጠበቅ። ከሁሉም በላይ ዶሮ በሰፈረበት አፈር ላይ አይኑር። ከ2022 ወዲህ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ተርኪዎችን የፈጀው የወፎች ኢንፍሉዌንዛም በዱር ወፎች አማካይነት ስለሚዛመት፣ መኖውንና ውኃውን የዱር ወፍ እንዳይደርስበት መሸፈን ያስፈልጋል።

አሁን ታሪኩን በተጀመረበት ስፍራ ልጨርስ። በሜክሲኮ ገጠር፣ በኦሐካና በፑዌብላ መንደሮች፣ ጓሆሎቴው ዛሬም በጓሮ ይረባል። የሚያረቡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የሚመገበውም ከቤት የተረፈውን በቆሎና ከግቢው የሚለቅመውን ሣርና ትል ነው። ለአንዲት የገጠር እናት ይህ ወፍ እንደ ባንክ ደብተር ነው፤ ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ አንዱን ወስዳ ትሸጣለች። ሠርግ በሆነ ጊዜ በኦሐካ ሰዎች ጓሆሎቴውን በእጃቸው ይዘው በሙዚቃ ይጨፍራሉ፤ ከዚያም በበርበሬና በቅመም በተሠራው ሞሌ በሚባለው ወጥ ለእንግዶች ይቀርባል። የእነዚህ ሴቶች ወፍ ትንሽ ነው፤ ደረቱም ጠባብ ነው። ነገር ግን ራሱ ይራባል፤ ራሱ እንቁላሉን ይታቀፋል፤ ልጆቹንም ራሱ ያሳድጋል። የዚህ ወፍ ዘር ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲተላለፍ እዚህ ደርሷል።

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆንም ለእኛ አይነካንም አትበሉ። ብዙ እንቁላል የምትጥለውን የውጭ አገር ዶሮ በግቢያችሁ ያረባችሁ፣ እርስዋ እንቁላል ታቅፋ ጫጩት እንደማታሳድግ ታውቃላችሁ። የሐበሻዋ ዶሮ ግን እንቁላሏ ጥቂትና ትንሽ ቢሆንም ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጭልፊት ሲመጣም ልጆቿን በክንፏ ትሸፍናለች። የበለጠ የሚሰጠውን ዘር ማምጣት መልካም ሥራ ነው፤ የተራበ ሕዝብ ሲኖር እንቁላልን አለመሻት ስንፍና ነውና። ነገር ግን አዲሱን ለማስገባት ሲባል አሮጌውን እስከ መጨረሻው አርዶ መብላት፣ አሜሪካኖች በ1997 ቈጥረው የደነገጡበትን ስሕተት መድገም ነው። በመሥሪያ ቤታችሁ ስለ እርሻና ስለ እንስሳት እርባታ ወረቀት የሚያልፍባችሁ አንባቢዎች፣ በወረቀቱ ላይ ስለ አዲሱ ዘር የሚናገረውን መስመር ስታዩ ስለ ቀድሞው ዘር ጥበቃ የሚናገር መስመር እንዳለበት ፈልጉ፤ ከሌለም ጠይቁ።

በሚመጣው በዓል ገበያ ስትሄዱ እንደ ልማዳችሁ ዶሮውን በእጃችሁ መዝኑት፤ ደረቱንም ዳስሱት። ከበዓሉ በኋላ ግን በግቢያችሁ ለዘር የምታስቀሩትን ስትመርጡ፣ እግሩንም ተመልከቱ፤ የእናቱንም ጠባይ ጠይቁ።